ሞተረኛ ደርቦ ሲያልፍ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዳማ ተነስቶ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደው ነባር መንገድ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ባለተሳቢ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይመላለሱበታል። በዚህ መንገድ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው አንድም መኪና ሳይቀድም፣ የተሳቢ ጭስ እየጠጣ ይጓዝ ብሎ መምከር ሰሚ የሌለው ምክር ነው። ጥምዝ ላይ፣ ዳገት አናት ላይ፣ ድልድይ ላይና ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት መቅደም እንደማይገባ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አላነሳውም። የማነሳው መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ሜዳው ወለል ብሎ እየታየ ስለሚሠሩ ስህተቶች ነው፤ አዳዲስ ሞተረኞችን ሳሠለጥንም ሆነ ከኋላቸው ሆኜ ስነዳ ደጋግሜ የማየው እነዚህኑ ነው።

ከሁሉም የከፋው «ሞተር ቀጭን ነው፣ በመሀል ይበቃኛል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። እንዲህ የሚያስብ ሞተረኛ የተቃራኒው ረድፍ ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም፤ መካከለኛውን መስመር ለእሱ ብቻ እንደተሠራ ሦስተኛ መንገድ ቆጥሮ በሁለቱ ሰልፎች መሀል ይሰነጥቃል። እስቲ ስፋቱን እናስላው። የአንድ ረድፍ ስፋት 3.5 ሜትር ገደማ ነው፤ የጭነት መኪናው አካል ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ይሰፋል። ሁለት የጭነት መኪኖች እያንዳንዳቸው የረድፋቸውን መሀል ይዘው ቢተላለፉ በመካከላቸው የሚቀረው አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የየመኪናው ስፖኪዮ 20 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ የሚተርፈው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የተለመደው ሞተር መሪ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ሞተር የሚያሳልፍ ክፍተት የሚፈጠረው ሁለቱም ሾፌሮች ወደየጠርዛቸው ሲጠጉ ብቻ ነው።

«እስከ ዛሬ አልፌበታለሁ» ብሎ የሚከራከር ሞልቷል። ያለፈው ሰዎቹ ስለተጠጉለት ነው፤ የሚጠጉለት ደግሞ ካዩት፣ ካዩትም በኋላ መጠጊያ ካላቸው ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ፣ በጠርዙ የአህያ ጋሪ የሚሄድ ከሆነ ወይም ትምህርት ቤት ተለቅቆ ልጆች መንገድ ዳር የሚጎርፉበት ሰዓት ከሆነ ሾፌሩ ቢፈልግም አይችልም። መቼም ሠላሳና አርባ ቶን የጫነ ሰው ለሞተረኛ ሲል ልጆች ላይ አይወጣም። ጭነት የሸፈነ ሸራ ገመዱ ላልቶ ወደ መሀል መንገድ ሲራገብ ያየ ሰው ደግሞ በመኪናው የተለካ ስፋት ጨርሶ አይተማመንም። ሥልጠና ላይ ይህን ሁሉ አስልቼ ካሳየሁ በኋላ «እሺ፣ ግን ቀስ ብሎ ቢሆንስ?» የሚለኝ ይኖራል፤ መሪው ቀስ ሲል የሚጠብ ይመስለዋል።

ሌላው ርቀትን በዓይን ገምቶ ጊዜን መርሳት ነው። ተሳቢው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሞተረኛው በ80 ቢቀድመው የፍጥነት ልዩነታቸው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከኋላው 20 ሜትር ላይ ተነስቶ፣ 18 ሜትር ያህል የሚረዝመውን መኪና ጨርሶ፣ ከፊቱ 20 ሜትር ርቆ እስኪገባ ወደ 11 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ሞተረኛው 240 ሜትር ይጓዛል፤ ከፊት በ80 የሚመጣው መኪናም እንደዚሁ 240 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ተሳቢ ግማሽ ኪሎ ሜትር ግድም ባዶ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የአብዛኛው ጀማሪ ዓይን የሚረካው በዚህ እኩሌታ ነው። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመውን ሲኖትራክ ሁሉም ይፈራዋል፤ ትልቅ ስለሆነ ዓይን ሞልቶ ይታያልና። እኔ ይበልጥ የምጠነቀቀው ከፊት ለሚመጣ አባዱላ ሚኒባስ ነው፤ አነስ ስለሚል ሩቅ ይመስላል፣ ፍጥነቱም የሚታወቀው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው። የእኛን ሞተርም ከፊት የሚመጣው ሾፌር የሚያየው እንደዚሁ አሳንሶና አርቆ ነው።

የጉልበት ነገርም አለ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዳማ አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ከኋላ ሰው ተፈናጦ፣ ጎን ላይ ጆንያ ታስሮ፣ በአምስተኛ ማርሽ ሊቀድም የሚወጣ ሞተረኛ ከተሳቢው ጎን ደርሶ ነዳጅ ቢሰጥም ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይጨምርም። ማርሽ የሚቀነሰው ከረድፍ ከመውጣት በፊት ነው።

ከተሳቢው ጭራ ሥር ተለጥፎ መውጣትም የተለመደ ጥፋት ነው። ወደ ኋላ ቀረት ያለ ሰው መንገዱን ያያል፤ የተለጠፈ የሚያየው የኋላ ታርጋ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱም ከመኪናው ሆድ ሥር ድንገት ይወጣበታል።

ሌላውን ተከትሎ የሚወጣውን ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም። ሚኒባስ ለመቅደም ሲወጣ ሞተረኛው «እሱ ካለፈ እኔም አልፋለሁ» ብሎ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ሚኒባሱ ያሰላው ለራሱ ነው። ጨርሶ ወደ ረድፉ ሲገባ እንደ መጋረጃ ተገልጦ ከፊት የሚመጣውን መኪና ለሞተረኛው ይተውለታል፤ የሚመጣው ሾፌርም ሞተረኛውን የሚያየው ገና በዚያች ቅጽበት ነው።

ከፊት ያለው መኪና ሲያዘግም «ለምን?» ብሎ አለመጠየቅ ጀማሪም ነባርም የሚሠሩት ስህተት ነው። መተሐራ ሳይደረስ አንድ ቀን የሦስት ተሳቢዎች ሰልፍ ቀስ እያለ ሄዶ ሊቆም ሲል፣ ከኋላዬ የነበረ ወጣት ዕድል የተከፈተለት መስሎት በግራ ተተኩሶ ወጣ። ሰልፉን ያስቆሙት ግመሎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አስፋልቱን ተሻግረው የቀሩት ከመጀመሪያው ተሳቢ አፍንጫ ፊት እየወጡ ነበር። ወጣቱ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ ሞተሩን በጎኑ አስተኛው፤ ከግመሏ እግር ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆመ፣ የቀኝ ጫማው ሶል ግን ተልጦ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እረኛው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የተሳቢው ሾፌር ግን ወርዶ የሚገባውን ሁሉ ነገረው። በዚህ መንገድ ያለ ምክንያት የሚያዘግም ሾፌር የለም፤ ወይ ከብት አለ፣ ወይ ሰው ይሻገራል፣ ወይ ራሱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው።

ፍሬቻን እንደ ትእዛዝ መቀበልም እንዲሁ መቅረት አለበት። ቀኝ ፍሬቻ የሚያሳይ ሾፌር «እለፍ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ጎማ ሊያይ ዳር ሊይዝም ይሆናል። ግራ ፍሬቻም «አትምጣ፣ መኪና አለ» ወይም «ልታጠፍ ነው» ሊሆን ይችላል። ሾፌሮቻችን በአብዛኛው ቅን ናቸው፣ በምልክታቸውም ብዙ ጊዜ ተጠቅሜያለሁ፤ ሆኖም ሾፌሩ ሲጠቁም ያሰበው የተሳቢውን ፍጥነት እንጂ የእኔን ሞተር ጉልበት አይደለም።

ከመውጣት በፊት ስፖኪዮ አይቶ በግራ ትከሻ በኩል ዘወር ማለት የግድ ነው፤ ከኋላ ያለው አባዱላ አስቀድሞ ወጥቶ ይሆናል።

አልፎ ሲገባም ጥድፊያ አለ። የተሳቢው ፊት በሙሉ በስፖኪዮ ሳይታይ ወደ ቀኝ መግባት ከባድ መኪናን ድንገት ፍሬን እንደማስያዝ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሞተር ቀጥ አይልም። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ንፋስ ነው። አዳማ አካባቢ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ በበሰቃ ሐይቅ አጠገብም ሜዳው የተገለጠ ነው። ከጎን የሚመጣውን ንፋስ ተሳቢው ጋርዶት ይቆያል፤ ሞተረኛው ከመኪናው አፍንጫ ሲወጣ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ይመታዋል። መሪውን ያላላ ሰው ያን ጊዜ ተገፍቶ ሁለት ክንድ ያህል ይሄዳል።

በቀኝ በኩል ስለሚያልፉት የምለው አጭር ነው፤ ሚኒባስ ተሳፋሪ የሚያወርደው በዚያ በኩል ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ መብራት ብቻ አብርቶ የሚመጣን ነገር ሁሉ ሞተር ነው ብሎ መገመት አይገባም። ብዙውን ጊዜ አንድ አምፖሉ የተቃጠለበት አይሱዙ ነው፤ የሚበራው በራሱ በሾፌሩ ቀኝ በኩል ያለው ከሆነ ደግሞ የመኪናው አካል በእኛ በኩል ባለው ጨለማ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ መብራት ሲመጣ እስኪያልፍ ድረስ ከተሳቢው ኋላ መቆየት ይገባል።