ሥራ ያቆመ ኢንቨርተርን መመርመርና መጠገን

ኢንቨርተር የባትሪን ቀጥተኛ ጅረት ወደ 220 ወይም 230 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ተበላሸ ተብሎ ሲቀርብ ግን ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ውጭ፣ በባትሪው ወይም በገመዱ ላይ ስለሚገኝ፣ ብሎኖቹን ከመፍታት በፊት መለካት ይገባል።

ኢንቨርተሩ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ቮልቴጁን በመጀመሪያ በባትሪው ጫፎች፣ ቀጥሎ በኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ይለኩ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ያለ ጭነት 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በጭነት ጊዜ ወደ 10.5 ቮልት የሚወርድ ከሆነ ኢንቨርተሩ ጮኾ መጥፋቱ ራሱን መከላከሉ እንጂ ብልሽት አይደለም። ባትሪው ላይ 12፣ መግቢያው ላይ 11 ቮልት ካነበቡ ደግሞ አንዱ ቮልት የቀረው በቀጭን ገመድ ወይም በላላና በዛገ ማያያዣ ላይ ነው፤ 500 ዋት ጭነት ከ12 ቮልት ባትሪ ከ40 አምፔር በላይ ይስባልና።

ውጭው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሣጥኑ ይከፈታል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አከማችቶ የሚይዘው ክፍል) ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በካቻቢቴ ሳይሆን ጥቂት ኪሎ ኦም ባለው ወፍራም ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ክፍል) ያራግፉት፤ ባዶ መሆኑንም በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ ወዲያው አይቀይሩት። ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ መታሰሩ ወይም የሞስፌት (ጅረቱን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር) መበላሸት ሊሆን ይችላልና፣ መልቲሜትሩን በዳዮድ መለኪያው ላይ አድርገው የእያንዳንዱን ሞስፌት ድሬንና ሶርስ (ዋናው ጅረት የሚያልፍባቸውን ሁለት እግሮች) በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። ጤነኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ግማሽ ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ የሚል ካለ ውስጡ ተገናኝቷል (ሾርት ሆኗል)። ጎን ለጎን የታሰሩት ሁሉ በአንዱ ምክንያት የተበላሹ ስለሚመስሉ፣ አንድ በአንድ ከብየዳው አውጥቶ መለየት ያስፈልጋል። ሲቀየሩ ግን የረድፉን ሁሉ በአንድ ዓይነት መቀየር፣ የጌት (የሞስፌቱ መቆጣጠሪያ እግር) ሬዚስተሮችንም መፈተሽ፣ የሚካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) መከላከያውንና የሙቀት ቅባቱን መመለስ ይሻላል፤ ሞስፌት ያለ ምክንያት አይቃጠልም፣ ምክንያቱ ሳይገኝ የገባው አዲሱም በሰከንድ ውስጥ ይከተላል።

ለዚህም ነው የመጀመሪያው ማብሪያ ሁልጊዜ በፕላሱ ገመድ ላይ በተከታታይ በታሰረ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና አምፖል በኩል መሆን ያለበት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ በሙሉ ድምቀት ከበራ ግን አሁንም የተገናኘ ክፍል አለ።

አምፖሉ ቢደበዝዝም ውጤት ከሌለ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ይለኩ። 300 ቮልት አካባቢ ካለ ችግሩ በመውጫው ሞስፌቶች ወይም በመቆጣጠሪያቸው ነው። ከሌለ ወደ መቆጣጠሪያው ቺፕ ይሂዱ፤ ለምሳሌ ቲኤል 494 በ12ኛው እግሩ ኃይል ማግኘት፣ በ14ኛውም 5 ቮልት ማውጣት አለበት። በመውጫው ላይ ግን ተራ መልቲሜትር ንጹሕ ሳይን ያልሆነን (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ያልሆነን) ሞገድ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ 190 ቮልት በማየት ብቻ አይፍረዱ።

በመጨረሻ አምፖሉን አውጥተው፣ ትክክለኛውን ፊውዝ መልሰው፣ በ60 ዋት ጭነት ለ10 ደቂቃ ያሠሩት። ከዚያ ባትሪውን ነቅለው፣ ካፓሲተሩንም አራግፈው ሞስፌቶቹ የታሰሩበትን ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም በሁለቱም በኩል ይዳስሱ፤ አንዱ ረድፍ ከሌላው እጅግ ከጋለ፣ አንዱ ወገን በትክክል እየበራና እየጠፋ ስላልሆነ ወደ ጌት ሬዚስተሮቹ ይመለሱ።