«ኦርጅናል ጃፓን ነው» ሲባሉ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ገብቶ «ጃፓን ነው ወይስ ቻይና?» ብሎ የማይጠይቅ ባለመኪና የለም። ሻጩም መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ቪትዝና ኮሮላ ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኗል። ዲኤክስ የሚባለውን የድሮ ኮሮላ አሳምረው የሚነዱ ወጣቶችማ ከጃፓን የወጣ ነገር ሁሉ ያጓጓቸዋል። አልፈርድባቸውም። ገንዘብ የሚያስበላው ግን ስሙን አምኖ ቁጥሩን አለማየት ነው።

ዕቃ በመኪናው ስም መጠየቅ

«የቪትዝ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ስጠኝ» ያለ ሰው ለሻጩ ብዙም አልነገረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ፣ ኤስሲፒ10 የሚባለው፣ አራት ሲሊንደር ነው። በ2005 የተተካው ኬኤስፒ90 ደግሞ ያው 1.0 ሊትር ሆኖ ሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው። አንዱ አራት ካንዴላ ይፈልጋል፣ ሌላው ሦስት፤ ቴስታታውም (የሞተሩ ራስ) ጉዋርኒሲዮኑም (በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) ለየቅል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የሞዴሉ ኮድ የተጻፈበት የመኪናው መለያ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ስለሚገኝ በስልክ ፎቶ አንስተው ይያዙት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ነው፤ 17 ፊደልና ቁጥር የሚጠብቅ ድረ ገጽ «አላውቀውም» ቢልዎ አይደንግጡ።

በካርቶን ጽሑፍ መተማመን

የቶዮታ የራሱ ዕቃ ሆኖ «ታይላንድ» የሚል የዘይት ፊልትሮ አለ። በትልልቁ «ጃፓን» ተብሎ የታተመበት ኮፒም ሞልቷል። ኮፒ የሚሠራው ሰው «ጃፓን» የምትለዋን መቼም አይረሳም! ካያባ፣ ዴንሶ፣ ኤንጂኬ፣ 555 የሚባሉት የጃፓን መለዋወጫ ስሞች፦ ኮፒ የሚበዛባቸው ስማቸው ስለገነነ ነው። ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዘው ሄደው ክብደቱን፣ ጥርሱንና የጽሑፉን አቀራረጽ ጎን ለጎን ያስተያዩ።

የጃፓን የፊት መብራት መግጠም

ይህን ስህተት ጋራዦችም ሲሠሩት አያለሁ። ጃፓን ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ለዚያ አገር የተሠራ የፊት መብራት አጭሩ (ዝቅ ብሎ የሚበራው) ሲበራ ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ይረጫል፤ እዚያ በግራ ያለው የመንገዱ ዳርና እግረኛው ነውና። እኛ አገር በግራዎ የሚመጣው ሌላ ሾፌር ነው። ማታ አጭር አብርተው እየሄዱ ከፊት የሚመጡት ሁሉ መብራት ብልጭ ካደረጉብዎ ይህንን ይጠርጥሩ። ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቀው ያቁሙና አጭሩን ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ በግራ በኩል ወደ ላይ ከወጣ መብራቱ ለእኛ መንገድ አልተሠራም። በእኔ አስተያየት ለግራ መሪ የተሠራ የታይዋን መብራት ከኦርጅናሉ የጃፓን መብራት ይሻላል፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

መሪው የተዛወረ መሆኑን ሳያዩ መግዛት

ከቪትዞቹ መካከል መሪያቸው ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላቸው አሉ። መዛወሩ ብቻውን መኪናውን አይጥለውም፤ ሥራው ግን ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ከዳሽቦርዱ ሥርና ከፍሬኑ ሰርቮ ጀርባ ብየዳ ይፈልጉ። የዝናብ መጥረጊያውንም አስነስተው ይዩት፤ የሚጠርገው ለቀኙ ወንበር እንዲመች ሆኖ ከቀረ ክረምት ላይ በእርስዎ ጥግ ሰፊ ቦታ ሳይጠረግ ይቀራል። ሬዲዮውስ? የድሮው የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ብቻ ስለሚሄድ ሸገር 102.1ን ሲፈልጉ ቢውሉ አያገኙትም። ከአንቴናው ጋር የሚገጠም ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ ጣቢያው ግን በሌላ ቁጥር ነው የሚመጣልዎ።

ቸርኬ በዓይን መምረጥ

ዲኤክስ የኋላ ጎማው የሚገፋ የመጨረሻው ተራ ኮሮላ ስለሆነ የሚወደድበት ምክንያት አለው። ቡሎኖቹ ግን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው የተቀመጡት፤ የቪትዝ 100 ነው። ሁለቱም ባለ አራት ቡሎን ስለሆኑ ሰው ይሳሳታል። «ትንሽ አስፍተን እንገጥመዋለን» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ቸርኬዎን ይዘው ይውጡ። ያገለገለ ጎማ አብሮ ከመጣም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2419 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ24ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ሲቪቲ ካምቢዮ ላይ የተራ አውቶማቲክ ዘይት መጨመር

አይጨምሩ። ሲቪቲ በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ነው፤ ቀበቶው ይንሸራተትና ካምቢዮው ይበላል።

ሞተሩን ብቻ መግዛት

ዲኤክስ ላይ ዘመናዊ ሞተር መጫን የብዙዎች ምኞት ነው። ሞተሩ ግን ከኮምፒውተሩና ከሙሉ ሽቦው ጋር ካልመጣ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩን ለብቻው ማሳደድ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ በላይ ያስወጣል። ዲኤክሱ ላይ የነበረው 4ኬ ሞተር ጤነኛ ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። መቀየሩ ካልቀረ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መገጣጠም እንዳለበት ያስታውሱ፤ ደረሰኙንና ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ከሻጩ ይቀበሉ። ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ ካለ፣ ክፍያውም ነገ ይሁን።