ብሉምባሮው ድራፍት፦ እንስሳችሁን ቶሎ አትምረጡ

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የጀመረ ሰው ሁሉ "ድራፍት በየትኛው ልለማመድ" ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፣ ብሉምባሮው የሚባለው ኤክስፓንሽን (የካርድ ስብስብ)። በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ ኤክስፓንሽኑን "ሴት" ነው የሚሉት ግን እኔ እንደዛ ብዬ ስጽፍ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ኤክስፓንሽን እያልኩ ልቀጥል 😂

የወጣው በፈረንጆቹ ኦገስት 2, 2024 ነው። ሰው የሚባል ነገር የለበትም፣ ቫሊ በሚባል ሸለቆ የሚኖሩ ልብስ የለበሱ ጎራዴ የታጠቁ ትንንሽ እንስሳት ናቸው፣ ትልልቆቹ እነ ድብና ጉጉት ደግሞ እንደ ጎርፍና እሳት ያሉ መቅሰፍቶች ሆነው ነው የሚመጡት። ተረት ተረት፣ የላም በረት እየተባለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ስራው። ድራፍት ማለት ብዙ ጊዜ 8 ሰው ክብ ሰርቶ ይቀመጥና እያንዳንዱ 3 ፓክ (የታሸገ የካርድ ጥቅል) ይይዛል፣ ከመጀመሪያው ፓክ አንድ ካርድ ታነሱና ቀሪውን በግራ በኩል ላለው ታሳልፋላችሁ፣ እሱም እንደዛው፣ ሁለተኛው ፓክ በቀኝ ይዞራል፣ ሶስተኛው መልሶ በግራ። ስትገዙ ፕሌይ ቡስተር የሚለውን ነው የምትገዙት፣ 14 ካርድ አለው። ኮሌክተር ቡስተር የሚለውን እንዳትገዙ፣ እሱ ለሚያብረቀርቅ ካርድ ሰብሳቢ ነው፣ ዋጋውም የትየለሌ ነው፣ ለድራፍት አልተሰራም። በመጨረሻ 40 ካርድ ያለው ዴክ (የምትጫወቱበት የካርድ ክምር) ትሰራላችሁ፣ ወደ 17 ላንድ (ማና የሚሰጥ ካርድ፣ ማና ማለት ሌላውን ካርድ ለማውጣት የምትከፍሉት ነው) እና 23 ሌላ ካርድ፣ ተራ ላንድ መምረጥ አይጠበቅባችሁም ሱቁ ይሰጣችኋል። ካርድ ቤት በአቅራቢያችሁ ከሌለ ማጂክ አሬና በስልክም በኮምፒውተርም በነጻ ይወርዳል፣ የዚህ ኤክስፓንሽን ካርዶች እዚያም አሉ።

እንስሳቱ 10 ዓይነት ናቸው፣ እያንዳንዱ ሁለት ቀለም አለው። ጥንቸል ነጭና አረንጓዴ፣ ወፍ ነጭና ሰማያዊ፣ የሌሊት ወፍ ነጭና ጥቁር፣ አይጥ ነጭና ቀይ፣ እንሽላሊት ጥቁርና ቀይ፣ ሽኮኮ ጥቁርና አረንጓዴ፣ እንቁራሪት ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ኦተር የምትባለዋ የውሃ እንስሳ ሰማያዊና ቀይ፣ ራኩን ቀይና አረንጓዴ። አስረኛው ሰማያዊና ጥቁሩ ራት ነው፣ እንግሊዝኛው ማውስና ራት ብሎ ይለያቸዋል እኛ ጋ ሁለቱም አይጥ ናቸው፣ እንግዲህ ትልቁን አይጠ መጎጥ እያልን እንግባባ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዋን ሽኮኮ ሲያይ "በቃ እኔ ሽኮኮ ነኝ" ይላል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ድራፍቴ ዪግራ የምትባለዋን ድመት አገኘሁ፣ 5 ማና 6/6 (የማጥቃት ጉልበቷ 6፣ ጽናቷም 6)፣ ሚቲክ (በጣም ብርቅ ካርድ)፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሳኋት፣ ከዛ በኋላ ያለፈኝን ጥሩ ቀይ ካርድ ሁሉ አላየሁትም፣ ጥቁርና አረንጓዴ ብቻ እያልኩ ስፈልግ ከቀኜ ያለው ልጅም ሽኮኮ ሆኖ አረፈው፣ እሱ ቀድሞኝ ስለሚያይ ለእኔ የሚደርሰኝ ፍርፋሪው ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ድመትና ሁለት ሽኮኮ ይዤ 0 ለ 3 ተሸንፌ ወጣሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 4 ወይ 5 ምርጫዎች ላይ እንስሳ ሳይሆን አንድ ቀለም ብቻ ያዙ፣ ማንኛውም ዴክ ውስጥ የሚገባ ካርድ ውሰዱ። ፌል የሚባለው ጥቁር ካርድ ለምሳሌ 2 ማና ብቻ ነው የፈለጋችሁትን ክሪቸር (የሚዋጋ ፍጡር ካርድ) ይገድላል፣ እንሽላሊት ሁኑ የሌሊት ወፍ ሁኑ ግድ የለውም። ከዛ ስድስተኛ ሰባተኛ ምርጫ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ፣ እስካሁን ማለቅ የነበረበት ሁለት ቀለም ያለው ጥሩ ካርድ አሁንም እየዞረ ከመጣ ያ እንስሳ ከላያችሁ ያሉት ሰዎች አልፈለጉትም ማለት ነው፣ ያኔ ግቡ።

አሁን ኦፍስፕሪንግ የምትባለዋን ነገር ልንገራችሁ፣ ለእኔ የዚህ ኤክስፓንሽን ዋናዋ እሷ ናት። ክሪቸሩን ስታወጡ ተጨማሪ ማና ከከፈላችሁ የራሱ ኮፒ የሆነ 1/1 ልጅ ይዞ ይወጣል። ስቲምፓዝ ቻርጀርን ውሰዱ፣ ኮመን (በብዛት የሚገኝ) ነው፣ 2 ማና 2/1 እንሽላሊት፣ ሄስት አለው ስለዚህ በወጣበት ተራ ያጠቃል፣ ሲሞት ደግሞ ተጫዋች ላይ 1 ዳሜጅ ያደርሳል። 2 ማና ከጨመራችሁ ልጁም እንደ አባቱ ሄስት አለው፣ ሲሞት እሱም ይመታል። ማለትም ሁለተኛ ተራ ላይም ጥሩ ነው አራተኛም ላይ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ካርድ ከተራ ሬር (ብርቅ ካርድ) ይሻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ክፍያው ካርዱን ከእጅ ስታወጡ ነው፣ እንቁራሪት ይዛችሁ ክሪቸሩን ወደ እጅ መልሳችሁ እንደገና ብትከፍሉ ሌላ ልጅ ታገኛላችሁ፣ ከሜዳ ወጥቶ እዛው ሜዳ ላይ የሚመለስ ከሆነ ግን ልጅ የለም።

አይጦቹ ቫሊየንት አላቸው፣ ራሳችሁ በስፔል (በአስማት ካርድ) ወይ በአቢሊቲ (በካርድ ችሎታ) ዒላማ ስታደርጓቸው በየተራው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ይሰጧችኋል። "በየተራው" የሚለው የተቃዋሚንም ተራ ይጨምራል፣ በራሳችሁ ተራ አንዴ በሱ ተራ አንዴ መቀስቀስ ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። አደጋውም እዛው አለ፣ አይጧን በስፔል ልታጠነክሯት ስትሉ ተቃዋሚው ማና ካለው በምላሹ ይገድላታል፣ በአንድ ካርዱ ሁለት ካርድ ታጣላችሁ። ተቃዋሚው ላንዱን ሁሉ ተጠቅሞ እስኪጨርስ ታገሱ። ሃርትፋየር ሂሮ የምትባለዋ የ1 ማና አይጥ እንዲህ እያለች አድጋ አድጋ ስታንዳርድ በሚባለው የጨዋታ ዓይነት ጁን 30, 2025 ታገደች፣ ድራፍት ላይ ግን ችግር የለም፣ ካያችኋት አንሷት።

እንሽላሊት የምትጫወቱ፣ ካርዶቹ "ተቃዋሚ በዚህ ተራ ላይፍ (የህይወት ነጥብ) አጥቶ ከሆነ" ስለሚሉ መጀመሪያ አጥቁ ከዛ ካርድ አውጡ። ጀማሪ ሁሉ በተቃራኒው ነው የሚያደርገው። ሽኮኮና አይጠ መጎጥ ሁለቱም ጥቁር ናቸው ብላችሁ እንዳትደባልቋቸው፣ አይጠ መጎጦቹ መቃብር (የሞቱና ያለቁ ካርዶች ክምር) ውስጥ 7 ካርድ እንዲጠራቀም ይፈልጋሉ፣ ሽኮኮዎቹ ደግሞ ፎሬጅ ለማድረግ ከመቃብር 3 ካርድ ከጨዋታው ያስወጣሉ ወይ አንድ ፉድ (ምግብ) ይሰዋሉ፣ አንዱ ያጠራቅማል አንዱ ይበትናል። ራኩን ቀላል ነው፣ በአንድ ተራ 4 ማና ስታጠፉ ይሸልማችኋል፣ ለዚህ ላንድ አትቀንሱ። ነጭ ከሆናችሁ ካሮት ኬክን አትናቁት፣ ኮመን ነው ስሙም ያስቃል ግን ሲወጣ አንድ ጥንቸል፣ ሲበላ ሌላ ጥንቸል፣ በዛ ላይ 3 ላይፍ።

ጊፍት የሚሉት ነገር ሲያነቡት ያናድዳል፣ ለጠላቴ ለምን ስጦታ እሰጣለሁ? ግን ኢንቱ ዘ ፍለድ ማውን እዩ፣ በ1 ማና የተቃዋሚን ክሪቸር ወደ እጁ ትመልሳላችሁ፣ 1/1 አሳ ልትሰጡት ቃል ከገባችሁ ግን ከላንድ በቀር የፈለጋችሁትን የሱን ፐርማነንት (ሜዳ ላይ የሚቆይ ካርድ) ትመልሳላችሁ። ለመጨረሻው ጥቃት መንገድ እየጠረጋችሁ ከሆነ አሳውን ስጡት፣ ያውም ታፕ ሆኖ (ተጋድሞ) ስለሚገባ በዛ ተራ አይከላከልም። ጨዋታው ገና ከሆነ ያቺ አሳ ስንት ጊዜ እንደምትከላከልባችሁ አስቡ።

ዴኩን ስትጨርሱ ካርዶቹን በማና ዋጋ ደርድሯቸው። ይሄ ፈጣን ኤክስፓንሽን ነው፣ 20 ላይፍ ሳታስቡት ያልቃል፣ 2 ማና የሚፈጁ ክሪቸሮች ከ5 ካነሱ ከላይ ካሉት ውድ ካርዶች አንዱን አውጡና ተራ የምትመስል የ2 ማና አስገቡ። ቆንጆዋን ሬር ማውጣት ያማል አውቃለሁ። ዴኩ በማና ዋጋ በጣም ዝቅ ያለና አጥቂ ከሆነ 16 ላንድም ይበቃል፣ 15 ግን አትሞክሩት፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሁለት ላንድ ላይ ቆሜ የሰውየው ጥንቸሎች ሲባዙ ነው ያየሁት።