የአውሮፕላን ክፍል ሳንድብላስት ሲደረግ በምን ይነፋ?

ጅማ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሻሲ በአየር ግፊት አሸዋ ተነፍቶበት (ሳንድብላስት ተደርጎ) ሲጸዳ ያየ ሰው የአውሮፕላን ዕቃም በዚያው የሚሠራ ሊመስለው ይችላል። አይሠራም። የአውሮፕላን ጥገና ለመማር ያሰባችሁ የጅማ ልጆች፣ ቀለሙንና ቆሻሻውን ከማየታችሁ በፊት ከሥር ያለው ብረት ምን እንደሆነ ጠይቁ።

አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። የአውሮፕላን ቆርቆሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ በስሱ ንጹህ አሉሚኒየም የተለበጠ ነው፤ ከዝገት የሚከላከለው ይሄ ልባጥ ስለሆነ ጠንካራ ነገር ከነፋችሁበት ከቀለሙ ጋር እሱም ተፍቆ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለም ለማንሳት የፕላስቲክ ፍሬ፣ ማለትም እንደ አሸዋ የደቀቀ ፕላስቲክ፣ ይመረጣል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ3 እስከ 4 ነው። ግፊቱም ዝቅ ይላል፣ ከ20 እስከ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ። ሞተር ላይ የተጋገረ ካርቦን ለማስለቀቅ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ጥሩ ነው። የቡና ገለባስ? የሚል ጅማ ላይ አይጠፋም። የአምራቹ ማኑዋል ካልፈቀደው አይሆንም፣ አለቀ።

አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባለው ጠንካራ ፍሬ በሞስ መለኪያ 9 ነው፣ ብረት ይበላል። ሽፋን ከመቀባቱ በፊት ላዩን ለማሻከር እንጂ ስስ ቆርቆሮ ለማጽዳት አታስቡት። ከብረት የተሠራ ፍሬ ደግሞ አሉሚኒየም ላይ አይነፋ፤ ስብርባሪው ተሰክቶ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ዙሪያው መበላት ይጀምራል። ብረት የተነፋበትን ፕላስቲክም መልሳችሁ አሉሚኒየም ላይ አትጠቀሙ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስንጥቅ ነው። ጠንካራ ፍሬ ላዩን እየቀጠቀጠ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ የምርመራ ፈሳሽ) ብትቀቡ ፈሳሹ አይገባም፣ ዕቃው ደህና ነው ተብሎ ይገጠማል፣ ስንጥቁ ግን እዚያው አለ። ለዚህ ነው ከምርመራ በፊት ለስላሳውን ምረጡ የምለው።

አሸዋ ለሰውም አይሆንም። አሸዋው ውስጥ ያለው የሲሊካ ማዕድን ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል፣ በሽታው መዳኛ የለውም። አፍ ላይ ሻርፕ ማሰር አያድንም። ሌላ ፍሬ ብትጠቀሙም የሚነሳው አሮጌ ቀለም ክሮሜት የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ትክክለኛ የመተንፈሻ መከላከያ አድርጉ።

የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ኮምፕረሰሩ ውሃ ያጠራቅማል፣ ፍሬው ይጓጉላል፣ አፈሙዙ ይደፈናል። ጠዋት የታንኩን ውሃ አፍስሱ፣ የውሃ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ፍሬውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። ከዚያ በዝቅተኛው ግፊት ጀምሩ፤ መጀመሪያ የምትነፉበት ከአገልግሎት የወጣ ተመሳሳይ ብረት ይሁን።