የድሮ ካሴት ገልብጦ ማካፈል፦ እኔ የምሠራበት መንገድ

ዘፈን ማካፈል ሌብነት ነው የሚለውን አልቀበልም። ካሴት ተዋውሰን፣ ከጎረቤት ቴፕ ቀድተን ያደግን ሰዎች ነን። ማካፈል ግን ወግ አለው። ቤታችሁ አቧራ የሚጠጣ ካሴት ካለ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ቴፑን አጽዱ። የጆሮ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ጥረጉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ካሴቱን ሳትቀዱ በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥኑና መልሱት። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ክር በድንገት ሲጎተት ይበጠሳል። ድምፁ ከታፈነ ደግሞ ካሴቱን አትውቀሱ። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ትንሽ ብሎን አለች። ዘፈኑ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በቀስታ አዙሯት። የከበሮው ጸናጽል ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ እዚያው ተዉአት።

ገመዱን ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን (የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ) ሰኩ። ለመቅጃ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል፣ ነፃ ነው። የድምፅ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ። ዝቅ ያለውን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ግን ማንም አይጠግነውም። ዋናውን ጥራት በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ አስቀምጡ፣ ለሰው የምትልኩትን ኤምፒ3 አድርጉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ስም ነው። አንድ ዘፈን «ትራክ 07» ተብሎ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ገጣሚው ጠፋ ማለት ነው። ድምፃዊው በድምፁ ይታወቃል። የግጥሙን፣ የዜማውን፣ የቅንብሩን ባለቤት ግን ከዚያች የሽፋን ወረቀት በቀር የሚናገርለት የለም። ወረቀቷን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱ። ያጀበው ባንድ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ ዓመተ ምህረቱ ካለ፣ ሁሉንም ከዘፈኑ ጋር አብራችሁ ላኩ። ለእኔ ሌብነት ማለት ይህን ስም ማጥፋትና በሰው ላብ መነገድ ነው። ስለዚህ አትሽጡ።

ገና የወጣ አልበም አታካፍሉ። ዘፋኙ ለስቱዲዮ ያወጣውን እንኳ አልመለሰም፤ ግዙለት። የድሮውም ቢሆን በባለቤቱ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ ካለ ሊንኩን ላኩ። ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቶ፣ ማስተሩ (የመጀመሪያው ቅጂ) የት እንደገባ የጠፋው ካሴት ግን የምናካፍለው ነው። ቤተሰብ ካገኛችሁ አስፈቅዱ፣ ቅጂም ስጧቸው። አንሱልን ካሉ ያኔውኑ አንሱ።

ሕጉንም እወቁት። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። የድምፅ ቅጂ አሳታሚውን መብት ደግሞ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የ1970ዎቹ ካሴት ብዙው ገና በጥበቃ ሥር ነው። ይህን እያወቅሁ አካፍላለሁ። ክሩ 50 ዓመት አይጠብቀንማ! በንጉሡ ዘመን ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያንን ጥሶ ባያሳትም ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚፈልጋቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ አይኖሩም ነበር።

በክስ ምን እንደሚገኝ አሜሪካ አይተናል። አሳታሚዎቹ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ዘፈን አካፈላችሁ ብለው በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን ከሰሱ። ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት እናት በ24 ዘፈን ምክንያት በ2009 እ.ኤ.አ. 1.92 ሚሊዮን ዶላር ክፈይ ተባለች። በአንድ ዘፈን 80 ሺህ ዶላር! ከስንት ክርክር በኋላ 222 ሺህ ላይ ቆመ። ዘፈን መካፈሉ ግን አልቆመም። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነውን የሰፈር ልጅ ማሳሰርም ለዘፋኙ እንጀራ አይሆንም።

ዘፋኙ በሕይወት ካለ አፈላልጉት። ዘፈኑን እንደገለበጣችሁለት ንገሩት፣ አቅማችሁ የፈቀደውን በቴሌብር ላኩለት። ካሴቱን ለሰጣችሁ ሰው ደግሞ ካሴቱን ከነሽፋኑ፣ ከአንድ ፍላሽ ጋር መልሱለት።