አንዳንድ ፕላኔቶች ለምን ወደ ኋላ ይሽከረከራሉ? ምክንያቱን እንዴት መለየት ይቻላል

ቬነስ ላይ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች። ደመናው ስለማያሳይ ቆሞ ማየት አይቻልም እንጂ። ዩራነስ ደግሞ ጭራሽ ጎኑን ተጋድሞ ነው የሚሽከረከረው። ምን ነካቸው? መልሱን ከመስማት ራስ መርምሮ መድረስ ይሻላል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ቀኝ እጅና ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ።

መጀመሪያ፦ የተለመደውን አቅጣጫ እወቁ

ከምድር ሰሜን ዋልታ በላይ ሆናችሁ ቁልቁል እያያችሁ ነው እንበል። ስምንቱም ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት የሰዓት ዘንግ ከሚሄድበት በተቃራኒ ነው። ፀሐይ ራሷም የምትሽከረከረው በዚያው አቅጣጫ ነው። ይህ እንዲሁ አልተገጣጠመም። የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሁሉም ነገር አንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነበር። ደመናው በራሱ ስበት ሲኮማተር ሽክርክሪቱ ፈጠነና ዝርግ ሆነ። ፕላኔቶቹ የተወለዱት ከዚያ ዝርግ ስለሆነ አቅጣጫውንም ወረሱ። ስድስቱ ውርሳቸውን ጠብቀዋል። ያፈነገጡት ሁለቱ ናቸው።

ቀጥሎ፦ ቀኝ እጃችሁን ተጠቀሙ

አራቱን ጣቶች ፕላኔቱ ፀሐይን በሚዞርበት አቅጣጫ እጠፉ። አውራ ጣታችሁ የት እንደጠቆመ ያዙ። አሁን ደግሞ ጣቶቹን ፕላኔቱ በራሱ ዛቢያ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ እጠፉ። በሁለቱ ጥቆማዎች መካከል ያለው ማዕዘን የፕላኔቱ ዘመም ነው። የምድር 23.4 ዲግሪ፣ የጁፒተር 3.1 ዲግሪ፣ የዩራነስ 97.8 ዲግሪ፣ የቬነስ 177.4 ዲግሪ ነው። ከ90 ካለፈ ፕላኔቱ ወደ ኋላ ይሽከረከራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። አንዳንድ ሰንጠረዦች የቬነስን ዘመም 2.6 ዲግሪ ብለው ይጽፉና የሽክርክሪት ጊዜው ላይ የመቀነስ ምልክት ያደርጋሉ። ስህተት አይደለም። ተገልብጦ ወደ ፊት መሽከርከርና ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሽከርከር አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ዘመሙን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ምልክቱንም እዩ።

ዋናው ደረጃ፦ ፍጥነቱን ተመልከቱ

ሰው ሁሉ የሚያተኩረው አቅጣጫው ላይ ነው። በእኔ እይታ ግን ትልቁ ፍንጭ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ፕላኔቱ እጅግ ቀርፋፋ ከሆነ፣ ፍሬን የያዘው ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ፈጣን ሆኖ ከተጋደመ ደግሞ የገፋው ነገር ይኖራል።

ቬነስ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 የምድር ቀናት ይፈጅበታል። ፀሐይን ዞሮ ለመጨረስ ግን 225 ቀን ይበቃዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ደመናውን አልፎ መሬቱን ነክቶ የሚመለስ የራዳር ሞገድ ሲላክበት። ፍሬን የያዘችው ፀሐይ ናት። ቅርብ ስለሆነች ስበቷ የፕላኔቱን አካል ይለጥጠዋል፤ መለጠጡ የሚፈጥረው ሰበቃም ሽክርክሪቱን ያዘገየዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ቬነስ ሁልጊዜ አንድ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀር ነበር። ግን ከባቢ አየሩ አለ። ግፊቱ የምድርን 90 እጥፍ ያህል ነው። የፀሐይ ሙቀት ይህን ከባድ አየር ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል፤ የፀሐይ ስበት ደግሞ የተዛወረውን አየር እየጎተተ ፕላኔቱን በሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሲመጣጠኑ አሁን የምናየው አዝጋሚ የኋሊት ሽክርክሪት ይመጣል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ አሌክሳንድር ኮሬያና ዣክ ላስካር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ስሌት ቬነስ እዚህ ሊደርስ የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንድም ዛቢያው ተገልብጦ፣ አንድም ቀስ ብሎ ቆሞ ወደ ኋላ መሽከርከር ጀምሮ። መድረሻው ያው ነው።

ዩራነስ ፍጹም ሌላ ነው። 17 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጅበት። ፍሬን የነካው የለም። ከፀሐይም በጣም ሩቅ ነው። ግን በምሕዋሩ ላይ እንደሚንከባለል ኳስ ተጋድሟል። በዚህም የተነሳ፣ በ84 ዓመት ጉዞው እያንዳንዱ ዋልታ 42 ዓመት ብርሃን፣ 42 ዓመት ጨለማ ያገኛል። ዋነኛው ተጠርጣሪ ግጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኮምፒውተር ስሌት፣ የመታው አካል ክብደት ቢያንስ የምድርን ሁለት እጥፍ መሆን እንዳለበት አሳይቷል።

ከዚያ፦ ምስክር ፈልጉ

ጨረቃዎችንና ቀለበቶችን እዩ። የዩራነስ ትልልቅ ጨረቃዎች፣ እነ ታይታንያና ኦቤሮን፣ አብረውት ተጋድመው ወገቡን ይዞራሉ። ስለዚህ ወይ ከግጭቱ በኋላ ከተበተነው ፍርስራሽ ተሠርተዋል፣ ወይ ፕላኔቱ ቀስ ብሎ ሲጋደም ተከትለውታል። ቀስ ብሎ ነው የሚሉም አሉ፤ አንድ ትልቅ ጨረቃ እየራቀ ሲሄድ ዩራነስን ጎትቶ አጋደመው፣ በመጨረሻም ፕላኔቱ ውስጥ ወደቀ ይላሉ። እኔ ወደ ግጭቱ አደላለሁ፤ ነገሩ ግን ገና አልተዘጋም። ቬነስ ጋ ይህ ደረጃ አይሠራም። ጨረቃ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ

ማርስ በአንዳንድ ወራት በሰማይ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ይህን ከሽክርክሪት ጋር አታደባልቁ። ምድር በውስጠኛው ምሕዋር ፈጠን ብላ ስትቀድመው የሚፈጠር የእይታ ነገር ነው። የማርስ ሽክርክሪት 24 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ዘመሙም 25.2 ዲግሪ ነው፤ ምንም አልሆነም።