45,000 ብር ደመወዝ እንዴት ማርች 15 ሆነ? ኤክሴል ላይ ቀንና ሰዓትን በኮድ ስትለዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ልጅ ኮዱን እንዳይለት ላከልኝ። የኤክሴል ፋይል ያነብና ወደ ዳታቤዝ ያስገባል። ደህና ነው እያልኩ ስወርድ ያቺን መስመር አገኘኋት፦ ቁጥሩ በ40,000 እና በ50,000 መካከል ከሆነ ቀን ነው።

ኧረ በፈጣሪ! ይቺን መስመር ስንት ሰው ኮድ ውስጥ እንዳየኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ እንደተቆጠሩ ቀናት ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ይመጣል፣ 0.5 ማለት እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ 45,000 ማርች 15፣ 2023 ነው። ግን 45,000 ብርም ነው! የልጁ ፋይል የደመወዝ ዝርዝር ነበር። 45,000 የሚከፈለው ሰውዬ ደመወዙ ማርች 15 ሆኖ ቁጭ ብሏል። 38,000 የምትከፈለዋ ተርፋለች፣ እድገት እስክታገኝ ድረስ። ቁጥሩን ብታፈጡበት ብትውሉ ምንም አይነግራችሁም። ቀን መሆኑን የሚናገረው የሴሉ ፎርማት፣ ማለትም ቁጥሩ እንዴት እንዲታይ የሚወስነው ቅንብር ብቻ ነው።

ፎርማቱን ፍለጋ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የ.xlsx ፋይል ዚፕ ነው፣ ብዙ ፋይሎች ታምቀው ያሉበት፣ ፍቱትና እዩት። ሴሉ ላይ ያለው የስታይል ቁጥር የፎርማቱ ቁጥር አይደለም! ስታይሎቹ በተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ ከዜሮ ጀምራችሁ የምትቆጥሩበት ተራ ቁጥር ነው፣ የፎርማቱን ቁጥር የምታገኙት እዚያ ነው። ከ14 እስከ 22 እና ከ45 እስከ 47 ያሉት የቀንና የሰዓት ናቸው። እነዚህ ኤክሴል ውስጥ አብረው የተሠሩ ስለሆኑ ትርጉማቸው ፋይሉ ውስጥ ላይጻፍ ይችላል፣ «አጣሁት» ብላችሁ ተራ ቁጥር አታድርጓቸው። ሰው ራሱ የፈጠራቸው ከ164 ይጀምራሉ።

እነዚህን ከ164 በላይ ያሉትን ለመለየት የፎርማቱን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ዲ፣ ኤም፣ ዋይ፣ ኤች ወይም ኤስ የሚባል ፊደል ካለበት ቀን ነው ብዬ ጻፍኩ። ለሳምንታት ሠራ። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ኪሳራን በቀይ የሚያሳይ ፎርማት ያለው ፋይል ላኩ። በካሬ ቅንፍ ውስጥ «ሬድ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ መጨረሻው ላይ ዲ አለች። የኪሳራ ኮለሙ በሙሉ ቀን ሆነ። ዶላርን በምህጻረ ቃሉ (USD) የሚጽፍ ፎርማትም እንዲሁ ያደርጋችኋል፣ ኤስም ዲም አለበት። መጀመሪያ በጥቅስ ውስጥ ያለውን፣ በካሬ ቅንፍ ያለውን፣ ከወደ ኋላ ስላሽ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አውጥታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ፈልጉ።

ቅንፉን ስትጥሉ ግን ኤች፣ ኤም ወይም ኤስ ብቻ ያለበትን አስቀሩ። እሱ የቆይታ ጊዜ ነው እንጂ ቀን አይደለም። የ27 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ፋይሉ ውስጥ 1.125 ነው፣ እንደ ቀን ካነበባችሁት ጃንዋሪ 1፣ 1900 ይሆንላችኋል።

ኤም ወርም ደቂቃም ነው። ኤች ከቀደመው ወይም ኤስ ከተከተለው ደቂቃ ነው።

አንዳንድ ፋይል፣ በተለይ የድሮ ማክ ላይ የተሠራ፣ የሚቆጥረው ከ1904 ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለውን የ1904 ምልክት ሳታዩ ካለፋችሁ ቀኑ ሁሉ በ1,462 ቀን ይዛነፋል።

ጠዋት 9:00 መሆን የነበረበት 8:59:59 ሆኖ ከመጣ ክፍልፋዩን ወደ ቅርብ ሰከንድ አጠጋጉት።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ የለባችሁም። በፓይተን ኦፕንፓይኤክስኤል፣ በጃቫ አፓቼ ፒኦአይ የሚባሉ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) ሴሉ ቀን መሆኑን ይነግሯችኋል። ልጁ ግን «ላይብረሪ ከባድ ነው» አለኝ። እሺ ወንድሜ።

አሁን ላይብረሪም የማያድናችሁ የእኛው ጣጣ። ሰዉ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ይጽፋል፣ ኤክሴል ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ጥቅምት 28 ብሎ 28/2/2016 ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር ካስቀደመ፣ እንደ ፌብሩዋሪ 28 ይወሰዳል። ጥቅምት 30 ሲጽፍ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ቁጥር ግማሹ ጽሑፍ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ጳጉሜ 5 (5/13) ደግሞ ወር ከቀን በሚቀድምበት በአሜሪካ አቀማመጥ ያለ ምንም ቅሬታ ሜይ 13 ይሆናል! ሰዓቱም ያው ነው፣ ከጠዋቱ 2:00 ተብሎ የገባው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ይነበባል።

ይህን ፎርማቱ አይነግራችሁም። ፋይሉን የሞላውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ አንዷን ስጠይቃት «ሁለቱንም ነው የምጠቀመው፣ እንደ ደረሰኙ ነው» አለችኝ።